ውጤት እስኪመጣ አንጠብቅ፦ ስለ ሕፃናት ቦቱሊዝም ለወጣው ጽሑፍ ምላሽ

ሰሞኑን ስለ ሕፃናት ቦቱሊዝም የተጻፈ አንድ ጽሑፍ ብዙ ወላጆች እጅ ገብቷል። ይህ በባክቴሪያ መርዝ የሚመጣ፣ የጨቅላን ጡንቻ የሚያዝል በሽታ ነው። ዓላማው ወላጅን ማረጋጋት ነው። ይህን አልነቅፍም። እንቅልፍ አጥታ በከረመች እናት ላይ ሌላ ፍርሃት መጨመር ለማንም አይጠቅምም። ችግሩ፣ ጽሑፉ የሚያረጋጋን ልንደነግጥ በሚገባን ቦታ ላይ መሆኑ ነው።

ጸሐፊው የሚሉት ባጭሩ ይህ ነው። በሽታው የሚመጣው ከማር ነው፤ ማር ካልሰጣችሁ እርሱት። ማሩ ከፈላም ችግር የለውም። ትኩሳት የሌለው ሕፃን አያስደነግጥም፤ ሆድ ድርቀቱንም ጊዜ ይፈታዋል። ሕክምና ከመጀመሩ በፊት በሽታው በላቦራቶሪ መረጋገጥ አለበት። ነገሩ ባክቴሪያ ስለሆነ አንቲባዮቲክ ይበቃዋል፤ ፀረ-መርዝ የሚባለው ቅንጦት ነው። የታመመው ሕፃን ጡት ማቆም አለበት። ቢድንም ደግሞ ሰውነቱ እንደ ድሮው አይሆንም።

በሁለት ነገር እስማማለሁ። በሽታው ብዙ ጊዜ የሚያጋጥም አይደለም። አንድ ዓመት ላልሞላው ሕፃን ጥሬ ማር አይሰጥም ማለታቸውም ልክ ነው። በቀረው ላይ ግን ዝም ማለት አልቻልኩም። በዚህ በሽታ የጥቂት ቀን መዘግየት ለሕፃኑ ተጨማሪ ሳምንት ሆስፒታል መተኛት ማለት ሊሆን ይችላል። ተራ በተራ ልሂድባቸው።

«ማር ካልሰጣችሁት እርሱት»

በሽታው እንዴት እንደሚይዝ ከታወቀ ይህ አባባል ውሃ አያነሳም። ክሎስትሪዲየም ቦቱሊነም የሚባለው ባክቴሪያ አካባቢው ሳይመቸው ሲቀር ራሱን በጠንካራ ሽፋን ጠቅልሎ ይተኛል። እንዲህ ሆኖ ሲተኛ ስፖር ይባላል። ስፖር አፈር ውስጥ አለ፤ አቧራ ውስጥ አለ። ለዓመታት ሳይሞት ይቆያል። ሁላችንም ሳናውቀው እንውጠዋለን። የአዋቂ አንጀት ውስጥ ቀድመው የሰፈሩ ሌሎች ባክቴሪያዎች ስላሉ ቦታ አያገኝም፤ እንደገባ ይወጣል። የጨቅላ አንጀት ግን ገና በነዚያ ባክቴሪያዎች አልተሞላም። ስፖሩ እዚያ ይነቃል፣ ይራባል፣ መርዝ ማምረት ይጀምራል።

ልብ በሉ። ሕፃኑ የታመመው የተመረዘ ነገር በልቶ አይደለም። መርዙ የሚመረተው እዚያው አንጀቱ ውስጥ ነው። በአግባቡ ሳይታሸግ ከተቀመጠ ምግብ የሚመጣው ቦቱሊዝም ሌላ ነው። ጸሐፊው ሁለቱን አንድ ላይ ስለደባለቁ «ምን በላ?» የሚለው ጥያቄ ብቻ ቀራቸው።

የሕፃናት ቦቱሊዝም ራሱን የቻለ በሽታ መሆኑ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1976 ካሊፎርኒያ ውስጥ ነው። ከዚያ በኋላ ማር ስፖሩ ከሚገባባቸው መንገዶች አንዱ መሆኑ ተረጋገጠ። «አንድ ዓመት ሳይሞላው ማር አትስጡ» የሚለው ምክርም ከዚያ መጣ። ሆኖም ከታመሙት ሕፃናት አብዛኞቹ ማር ቀምሰው አያውቁም። ብዙ ጊዜ ስፖሩ ከየት እንደመጣ በውል ሳይታወቅ ይቀራል፤ የሚጠረጠረው ዐይን የማያየው አቧራ ነው። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2025 ደግሞ አሜሪካ ውስጥ ከ30 በላይ ሕፃናት ታመው፣ ሕመሙ ከአንድ ኩባንያ የሕፃናት ዱቄት ወተት ጋር መያያዙ ታወቀ። የኩባንያው ዱቄት ወተት በሙሉ ከገበያ እንዲሰበሰብ ተደረገ።

«ማር ካልሰጣችሁት እርሱት» የሚለው ምክር ምን እንደሚያስከትል እናስብ። አንዲት እናት የልጇ ዐይን መግለጥ ሲያቅተው ወደ ሕክምና ትሄዳለች። «ማር ሰጥተሽዋል?» ትባላለች። «ኧረ በፍጹም» ትላለች። በቃ፣ ቦቱሊዝም የሚለው ሐሳብ እዚያ ላይ ይዘጋል። የማር ጥያቄ የሚጠቅመው መልሱ «አዎ» ሲሆን ነው። መልሱ «አልሰጠሁም» ከሆነ ሕፃኑ ቦቱሊዝም የለበትም ማለት አይደለም።

«ማሩ ከፈላ ስፖሩ ይሞታል»

አይሞትም። እዚህ ላይ መርዙና ስፖሩ ተምታተውባቸዋል። መርዙን ሙቀት ያሸንፈዋል፤ በ85 ዲግሪ ሴንቲግሬድ 5 ደቂቃ ከቆየ ይከሽፋል። ስፖሩ ግን የፈላ ውሃን ይቋቋማል። እሱን ለመግደል በከፍተኛ ግፊት 121 ዲግሪ የሚደርስ ሙቀት ያስፈልጋል፤ ማር ደግሞ በዚህ መንገድ አይዘጋጅም። ቢፈላም፣ ተጣርቶ በፋብሪካ ቢታሸግም፣ በጣት ጫፍ ብቻ ቢቀመስም፣ አንድ ዓመት ላልሞላው ልጅ ያው ማር ነው።

«ትኩሳት ከሌለው አትደንግጡ፤ ሆድ ድርቀቱንም ጊዜ ይፈታዋል»

ከጽሑፉ ሁሉ በጣም ያሳሰበኝ ይህ ስለሆነ ሰፋ አድርጌ ልመልስ።

ቦቱሊዝም ራሱ ትኩሳት አያመጣም። ሕፃኑን የሚጥለው መርዝ ነው። መርዙ ነርቭ ከጡንቻ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ላይ ይገባና አሴቲልኮሊን የሚባለው ኬሚካል እንዳይለቀቅ ያግደዋል። አንጎል ያዛል። ትእዛዙ በነርቩ በኩል እስከ ጫፍ ይደርሳል። ጡንቻው ግን አይሰማም። ስለዚህ እየደከመ የሚሄድ፣ ነገር ግን ገላው ያልተኮሰ ጨቅላ ስናይ «ትኩሳት የለውም፣ ደህና ነው» ማለት ሳይሆን «ታዲያ ለምን ደከመ?» ብለን መጠየቅ አለብን።

ሆድ ድርቀቱ ብዙ ጊዜ ቀድሞ ይመጣል። ከሌላው ምልክት በቀናት፣ አንዳንዴም በሳምንታት ይቀድማል። እርግጥ ነው፣ ጡት ብቻ የሚጠባ ጤነኛ ሕፃንም ለጥቂት ቀናት ሰገራ ላይወጣው ይችላል። ጤነኛ ሆኖ፣ በደንብ እየጠባ፣ እየተጫወተ ከሆነ አያስጨንቅም። ጸሐፊው ያልጻፉት ሁለተኛውን ግማሽ ነው። ሰገራ ሦስት ቀንና ከዚያ በላይ ጠፍቶ አጠባቡ ወይም ዐይኑ ወይም ድምፁ ከተለወጠ ነገሩ ሌላ ነው። በአንዳንድ ሕፃናት ደግሞ የሆድ ድርቀቱ ጭራሽ ላይታይ ይችላል። እሱ የለም ተብሎ ቀሪውን ምልክት ጆሮ ዳባ ልበስ ማለት አይቻልም።

ድክመቱ ሥርዓት አለው። ከላይ ይጀምርና ወደ ታች ይወርዳል፤ ግራና ቀኙን እኩል ይይዛል። መጀመሪያ ዐይንና ፊት፣ ከዚያ መጥባትና መዋጥ፣ ከዚያ አንገት፣ ከዚያ እጅና እግር፤ መተንፈሻ ጡንቻም ይከተላል። ይህን ቅደም ተከተል ያወቀ ወላጅ ብዙ ነገር ቀድሞ ያያል።

ቤት ውስጥ እንዴት እንደሚታይ ልንገራችሁ። ሕፃኑ ጡት ላይ ረጅም ጊዜ ይቆያል፤ እናትየው ግን ጡቷ እንዳጋተ ይቀርባታል። አፉ ይይዛል፣ ጉንጩ ግን አይስብም። ወተቱ በከንፈሩ ጥግ ይወርዳል። ምራቁ አፉ ውስጥ ይጠራቀማል። ሲጮህ ቤቱን የሚሞላው ልጅ ድምፁ ይሰልላል። ፈገግታው ይጠፋል፤ ፊቱ ምንም ነገር አይነበብበትም። የዐይኑ ቆብ ግማሽ ድረስ ይወርዳል። ሰው ሁሉ «እንቅልፉ መጥቶ ነው» ይላል። ቆቡን በጣት ቀስ አድርጋችሁ ብታነሡለት ግን ነቅቶ ያያችኋል። መርዙ የያዘው ጡንቻውን እንጂ አእምሮውን አይደለም።

ከሁሉም በላይ የሚያዘናጋው ጸጥታው ነው። «ሰሞኑን ፀባየኛ ሆኗል፤ አያለቅስም፣ አያስቸግርም» ይባላል። አንድ ሕፃን ከቀናት በፊት ከነበረው ፀባይ በድንገት ዝም ካለ፣ ጭንቅላቱን ቀና ማድረግ ችሎ የነበረው አሁን አንገቱን መሸከም ካቃተው፣ ይህ ፀባይ አይደለም። የዚያኑ ዕለት መታየት አለበት። ከታመሙት 100 ሕፃናት 95 ያህሉ ስድስት ወር ያልሞላቸው ናቸው። በዚህ ዕድሜ «ትንሽ እንየው» እየተባለ የሚያልፍ ቀን ብዙ ነገር ይለውጣል።

ሐኪሞች ዘንድ ደግሞ ቀላል ግን ትልቅ ምርመራ አለ። ጨለም ባለ ክፍል ውስጥ ብርሃን ወደ ዐይኑ ይበራል፤ ብሌኑ ይጠብባል። ብርሃኑ ይነሣል፤ ብሌኑ ይሰፋል። ወዲያው ይደገማል። ለሁለት ወይም ሦስት ደቂቃ ሳይቋረጥ ይቀጥላል። ብዙዎች አንድ ጊዜ አብርተው «ብሌኑ ደህና ነው» ብለው ያልፋሉ። ቦቱሊዝም የያዘው ሕፃን ብሌን ግን መጀመሪያ ላይ ደህና ሊሠራ ይችላል፤ ሲደጋገም ነው እየዘገየ፣ እየዛለ የሚሄደው። በንጹሕ ትንሿ ጣት የመጥባት ኃይሉን መፈተንም እንዲሁ ነው። አንዴ ሲስብ ማየት አይበቃም። እየሳበ ምን ያህል ይቆያል? ድካሙ የሚታየው እዚያ ላይ ነው።

እንዲህ ሆኖ የመጣ ሕፃን ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚጠረጠረው በደም ኢንፌክሽን ወይም በማጅራት ገትር ነው። መጠርጠሩ ስህተት አይደለም፤ ሁለቱም ቶሎ ይገድላሉ። ስህተቱ ትኩሳት የለ፣ የጀርባ ፈሳሹ ምርመራ ንጹሕ፣ ሕፃኑ ግን ከላይ ወደ ታች እየደከመ ሳለ ሐሳብን አለመለወጡ ነው። ሊመሳሰሉ የሚችሉ ሌሎች በሽታዎችም አሉ፤ በዘር የሚመጣው የአከርካሪ ነርቭና ጡንቻ መመንመን፣ ፖሊዮ፣ ጊላን ባሬ የሚባለው የነርቭ በሽታ። ቦቱሊዝም እዚህ ዝርዝር ውስጥ ካልገባ ግን ማንም አይፈልገውም።

አንድ ነገር ሳልል አልለፍ። የደከመውን ሕፃን ወደ ሐኪም ስትወስዱ አንገቱ ወደ ደረቱ እንዳይታጠፍ ያዙት። መሸከም ያቃተው አንገት ሲታጠፍ ብቻ የአየር መንገዱ ሊዘጋ ይችላል። መዋጥ የሚያስቸግረው ወይም የሚያንቀው ከሆነም «ትንሽ ይቅመስ» ብላችሁ በአፉ ምንም አትስጡት። አተነፋፈሱ ከተለወጠ ወይም ከንፈሩ ከጠቆረ ጊዜ አይሰጥም፤ ወዲያውኑ ድንገተኛ ክፍል።

«ሕክምና ከመጀመሩ በፊት በላቦራቶሪ ይረጋገጥ»

በወረቀት ላይ ሲያዩት ጥንቃቄ ይመስላል። በተግባር ግን ሕፃኑን ያለ መድኃኒት ማስተኛት ነው።

ማረጋገጫው የሚገኘው ከሰገራ ነው። ሰገራው ውስጥ መርዙ ወይም ባክቴሪያው ይፈለጋል። አስቡት እንግዲህ፣ ሕፃኑ ለቀናት ሰገራ ያልወጣው ነው። ብዙ ጊዜ ናሙናው የሚገኘው ምንም ማቆያ ኬሚካል የሌለበት ንጹሕ ውሃ በጥቂቱ በፊንጢጣው ተሰጥቶ ነው። ከዚያ ናሙናው ይህን ምርመራ ወደሚሠራ ላቦራቶሪ ይላካል። እንዲህ ያለ ላቦራቶሪ በየቦታው የለም። ለረጅም ጊዜ እንደ ዋና ማረጋገጫ ሲያገለግል የኖረው ምርመራ በአይጦች ላይ የሚደረግ ነው፤ ውጤቱ ቀናት ይፈጃል። የባክቴሪያው ማሳደግ ደግሞ ከዚያም ይረዝማል። በነዚህ ቀናት ውስጥ መርዙ አይጠብቅም። ዛሬ ዐይኑ ላይ የነበረው ድክመት ነገ መተንፈሻው ላይ ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ ናሙናው ይወሰድ፣ ይላክ። ይህ መቅረት የለበትም። ሕክምናው ግን በሐኪሙ ዐይንና እጅ ምርመራ ላይ ተመሥርቶ ይጀመር። ውጤቱ የሚመጣው ለማረጋገጥ ነው፤ ለማስጀመር አይደለም። ይህን የምለው ከራሴ አይደለም። በዚህ በሽታ ላይ ለዓመታት የሠሩ ሰዎች የሚሰጡት ምክር ነው፤ ምክንያቱንም በቁጥር አሳይተዋል።

«ፀረ-መርዙ ቅንጦት ነው»

ቁጥሩ ያለው እዚህ ነው። ለሕፃናት የሚሰጠው ፀረ-መርዝ ከሰው ደም የተዘጋጀ ነው። በቦቱሊነም ላይ ከተከተቡ በጎ ፈቃደኞች ፕላዝማ ይወሰድና መርዙን የሚይዙት ፀረ እንግዳ አካላት ይለያሉ። ቤቢቢግ ይባላል። ካሊፎርኒያ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1992 እስከ 1997 በ122 ሕፃናት ላይ ተፈትኗል። ግማሾቹ መድኃኒቱን፣ ግማሾቹ ለዚህ በሽታ የማይሠራ ማነጻጸሪያ አገኙ። ማነጻጸሪያውን ያገኙት በአማካይ 5.7 ሳምንት ሆስፒታል ተኙ። ፀረ-መርዙን ያገኙት 2.6 ሳምንት። በመተንፈሻ ማሽን ላይ የሚቆዩበት ጊዜ በአማካይ በ2.6 ሳምንት አጠረ፤ በቱቦ ወይም በደም ሥር የሚመገቡበት ጊዜ በ6.4 ሳምንት። መድኃኒቱ እ.ኤ.አ. በ2003 በአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ጸደቀ።

ከዚያ በኋላ የተደረገው ክትትል የመዘግየትን ነገር ይበልጥ ግልጽ አደረገው። ሆስፒታል በገቡ በ3 ቀን ውስጥ ፀረ-መርዙን ያገኙት በአማካይ 2.0 ሳምንት ሲተኙ፣ ከ4ኛው እስከ 7ኛው ቀን ያገኙት 2.9 ሳምንት ተኝተዋል። ልዩነቱ ስድስት ቀን ያህል ነው። በጽኑ ሕሙማን ክፍል ወንበር ላይ ለምታድር እናት ይህ ምን ማለት እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልግም። ጉሮሮው ውስጥ ቱቦ ላለበት ሕፃን ደግሞ እያንዳንዱ ተጨማሪ ቀን ለሳንባ ምች የሚያጋልጥ ነው።

ለምን መቸኮል እንደሚያስፈልግ መድኃኒቱ ራሱ ይነግረናል። ፀረ-መርዙ በደም ውስጥ የሚዞረውን መርዝ ይይዛል። ነርቭ ውስጥ የገባውን አያወጣም። በር ላይ የቆመ ዘበኛ ገና ያልገባውን ሌባ ያስቀራል እንጂ ውስጥ ገብቶ የቆለፈውን አያስወጣም። ስለዚህ መድኃኒቱ ተሰጥቶ ሕፃኑ በማግስቱ ካልተነሣ «አልሠራም» አይባልም። ሥራው ድክመቱ እንዳይብስ ማድረግ ነው። አንድ ጊዜ በደም ሥር ከተሰጠ ለወራት ሰውነት ውስጥ ስለሚቆይ አንጀት ውስጥ ገና እየተመረተ ያለውንም መርዝ ይጠባበቀዋል።

ይህ መድኃኒት በሁሉም ቦታ እንደማይገኝ ጸሐፊው መጻፋቸው እውነት ነው። ዋጋውም ከፍተኛ ነው። ይሁን እንጂ «አይገኝም» እና «አያስፈልግም» አንድ አይደሉም። የካሊፎርኒያ የሕዝብ ጤና መምሪያ ለሐኪሞች ቀን ከሌት ምክር የሚሰጥ፣ መድኃኒቱንም የሚያቀርብ ክፍል አለው፤ ከአሜሪካ ውጭም ልኮ ያውቃል። ከፈረስ ደም የሚዘጋጅ ሌላ ፀረ-መርዝም አለ። እሱ ቶሎ ከሰውነት ይወጣል፣ ከባድ አለርጂም ሊያስከትል ይችላል፤ ሆኖም ብዙ የሕፃናት ቦቱሊዝም በሚታይባት በአርጀንቲና ለሕፃናት ሲሰጥ ቆይቷል። ውሳኔው የሐኪሙ ነው። ሐኪሙ እንዲወስን ግን በሽታው በጊዜ መጠርጠር አለበት።

ፀረ-መርዙ ጨርሶ ባይገኝስ? ሕፃኑ አለቀለት ማለት አይደለም። የሕክምናው ጀርባ አጥንት ጥሩ እንክብካቤ ነው። አተነፋፈሱን ሌሊቱን ሙሉ መከታተል፣ ቀድሞ ተዘጋጅቶ በጊዜው ማሽን ላይ ማድረግ፣ በአፍንጫ በገባ ቱቦ መመገብ፣ አልጋውን በራስጌው በኩል 30 ዲግሪ ያህል ከፍ አድርጎ ከአንገቱ ሥር ትንሽ ጥቅል ጨርቅ ማስደገፍ፣ ምራቁን መጥረግ። አብዛኛው የነርስ ሥራ ነው፤ ሕይወትም የሚያተርፈው እሱ ነው። በደንብ በታከሙ ሕፃናት ዘንድ ከ100 አንድ እንኳ አይሞትም።

«ባክቴሪያ ከሆነ አንቲባዮቲክ ይበቃዋል»

ይህ ከድጡ ወደ ማጡ የሚወስድ ምክር ነው። ባክቴሪያው አንጀት ውስጥ በመድኃኒት ሲገደል ይፈነዳና በሆዱ የያዘውን መርዝ ይለቃል ተብሎ ይሰጋል። ሕፃኑን የሚጎዳው መርዙ ከሆነ፣ ይህ ሕመሙን ያባብሰዋል እንጂ ሕፃኑን አያድነውም። ሌላም አለ። ጄንታሚሲንና መሰሎቹ በራሳቸው የነርቭና የጡንቻን ግንኙነት ያዳክማሉ። መርዙ በያዘው ቦታ ላይ እነሱ ሲጨመሩ መተንፈስ የቻለው ሕፃን በድንገት መተንፈስ ሊያቅተው ይችላል። ጄንታሚሲን ደግሞ ደም ኢንፌክሽን ለተጠረጠረበት ጨቅላ ቶሎ ከሚታዘዙት አንዱ ነው። የአደጋው ክብደት እዚህ ላይ ነው።

በተሳሳተ መንገድ እንዳይተረጎምብኝ። የደም ኢንፌክሽን ሲጠረጠር አንቲባዮቲክ አይሰጥ አላልኩም፤ እሱን መተው ይገድላል። የምለው፣ ቦቱሊዝም አብሮ ከተጠረጠረ ሐኪሙ ከነዚህ መድኃኒቶች የራቀ ምርጫ ይውሰድ ነው። ሳንባ ምች ወይም የሽንት ኢንፌክሽን ሲደርብበትም እንዲሁ። ለቦቱሊዝሙ ብሎ አንቲባዮቲክ መስጠት ግን ቦታ የለውም። ቤት ውስጥ የቀረ ሽሮፕ ያላችሁ ወላጆችም እባካችሁ አትስጡት።

«ጡት ይቁም»

አይቆምም። መርዙ በእናት ወተት አይተላለፍም፤ እናትየው አልታመመችም። መጥባት ሲያቅተው ወተቷ ይታለብና በቱቦ ይሰጠዋል። ሕፃኑ አገግሞ መጥባት ሲጀምር ጡቷ ደርቆ እንዳይጠብቀው እናትየው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በየሁለት ሦስት ሰዓቱ እንድታልብ መርዳት ነው።

«ቢድንም ሰውነቱ እንደ ድሮው አይሆንም»

ለወላጅ ከዚህ የከፋ ዓረፍተ ነገር የለም፤ ደግሞም እውነት አይደለም። መርዙ ነርቩን አይገድለውም። የተዘጋው የነርቭ ጫፍ አጠገብ አዲስ ጫፍ ይበቅላል፤ ከጡንቻው ጋር እንደገና ይገናኛል። ይህ ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይፈጃል፤ የድካሙ ርዝመትም ከዚህ ነው። መርዙ ወደ አእምሮው ሥራ ስለማይገባ በደንብ የታከመ ሕፃን እንደ እኩዮቹ ያስባል፣ ይማራል፣ ይሮጣል። ማሽን ላይ ሳለ በአየር እጦት እንዳይጎዳ መጠበቁ ነው ቁም ነገሩ። አልጋው ላይ ፊቱ የማይንቀሳቀሰው ልጅ እንደሚሰማችሁ አትርሱ። አናግሩት፣ ዝፈኑለት፣ እጁን ያዙት።

ከሆስፒታል ሲወጣ ግን ጥቂት ነገር ይቀራል። በሽታው ከሰው ወደ ሰው እንደ ጉንፋን አይተላለፍም። ሆኖም ባክቴሪያው በሰገራው ለሳምንታት፣ ለወራትም ሊወጣ ስለሚችል ዳይፐር የሚቀይር ሁሉ እጁን በሳሙና ይታጠብ። ቤት ውስጥ ሌላ ጨቅላ ካለ ደግሞ የሁለቱን ዕቃ መለየት ይበጃል። ሆድ ድርቀቱ ከሌላው ምልክት በኋላም ሊቆይ ይችላል፤ መድኃኒቱን በራሳችሁ ሳይሆን ሐኪሙን ጠይቃችሁ ስጡ። ተሽሎት የነበረው ሕፃን እንደገና አጠባቡ ከደከመ ወይም ድምፁ ከሰለለ ቀጠሮውን ሳትጠብቁ መልሱት። ክትባቱንም አታቁሙ። ቤቢቢግ ከተሰጠው ግን እንደ ኩፍኝ ያሉት ሕያው ክትባቶች ለወራት መዘግየት አለባቸው፤ ከመድኃኒቱ ጋር የገቡት ፀረ እንግዳ አካላት ክትባቱን ሊያከሽፉት ይችላሉ። ስለዚህ የመድኃኒቱ ስምና የተሰጠበት ቀን በክትባት ካርዱ ላይ እንዲጻፍ ጠይቁ፤ ለሚከትበው ባለሙያም በአፋችሁ ንገሩት።